ሣር ፈቀቅ አይልም፦ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ መንግሥታት ፉክክር ለወጣ ጽሑፍ ከድሬዳዋ የተሰጠ ምላሽ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በመንግሥታት መካከል ስላስነሣው ፉክክር የሚያትት አንድ ረጅም ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቷል። ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። በአማርኛ ስለዚህ ነገር የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ የሚጻፈውም ቢሆን አብዛኛው "ሥራችንን ሊነጥቀን ነው" ከሚል ስጋት አያልፍም። መደምደሚያቸው ግን አልተዋጠልኝም። እዚህ ድሬዳዋ የማውቃቸው ተማሪዎች "እውነታቸውን ነው፣ ምን አገባን" እያሉ ሲቀባበሉት ስሰማ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ፉክክሩ የአሜሪካና የቻይና ስለሆነ እንደ ኢትዮጵያ ያለ አገር ዳር ይዞ ይቀመጥ፤ ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነውና ፈቀቅ እንበል። ፈቀቅ ማለት ካልተቻለ ግን አሸናፊው ሁሉን ጠቅልሎ መውሰዱ ስለማይቀር ከወዲሁ ወገን እንምረጥ፤ የምንመርጠውም ባቡሩንና ቴሌኮሙን የሠራችልንን ቻይናን ይሁን። ቴክኖሎጂው መሣሪያ እንጂ የራሱ ፖለቲካ የለውም። የህዳሴ ግድብ ኃይል በእጃችን ስለሆነ የዳታ ማዕከሎች ራሳቸው ፈልገውን ይመጣሉ። በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ብክነት ነው፣ ልጆቻችን እንግሊዝኛ ይማሩ። ሕግና ቁጥጥር ደግሞ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው። እነዚህን በየተራ አነሣለሁ፤ አንዳንዶቹ ብዙ ያናግራሉ፣ አንዳንዶቹ በጥቂት ቃል የሚመለሱ ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት "ዓ.ም" ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"ፉክክሩ የእኛ ጉዳይ አይደለም" ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ የታያቸው ካሊፎርኒያና ቤጂንግ ላይ ያለው የቤተ ሙከራ እሽቅድድም ይመስለኛል። እኔ የማስበው ግን ነሐሴ 2022ን ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የሙከራ አገልግሎት የከፈተው አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን ድሬዳዋ ላይ ነበር። በከተማዋ ሰፈሮች፣ ከዚራም መጋላም፣ የሰዉ ወሬ ስለ ኢንተርኔቱ ፍጥነትና ስለ ጥቅሉ ዋጋ ነበር። ከጀርባው የነበረው ነገር ሌላ ነው። ያ ፈቃድ በ2021 በ850 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ የአሜሪካ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም ለአሸናፊው ጥምረት እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ብድር ለመስጠት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ብድሩ የቻይና ኩባንያዎችን የኔትወርክ መሣሪያ ላለመጠቀም እንደሚያስገድድም በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። በሌላው ወገን ኢትዮ ቴሌኮም መረቡን ከ2006 ጀምሮ በቻይናው ዜድቲኢ፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ በዋናነት በዜድቲኢና በሌላው የቻይና ኩባንያ በሁዋዌ ነው የዘረጋው። ድሬዳዋ ላይ የሚተከል አንድ የኔትወርክ ምሰሶ መሣሪያው የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ዋሽንግተንና ቤጂንግ ድረስ ያነጋገረ ነው ማለት ነው።

"ይህ የቴሌኮም ነገር ነው፣ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ምን አገናኘው?" የሚል ይኖራል። ስልካችን ላይ የምናናግረው ሞዴል፣ ማለትም እንደ ቻት ጂፒቲ ያለ ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ስልካችን ውስጥ የለም። ጥያቄያችን ተጉዞ ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ይደርሳል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። የባሕር በር ስለሌለን መስመራችን ከባሕር ኬብሎች ጋር የሚገናኘው በጎረቤቶቻችን በኩል ነው፤ ለእኛ የሚቀርበው ጅቡቲ ነው፣ ከዚህ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚያች ትንሽ አገር አሜሪካ፣ ቻይና፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ጣሊያን ሁሉም የጦር ሰፈር አላቸው። ባሕሩ ውስጥ ያለው ሽሚያም ከየብሱ አይተናነስም። ከሲንጋፖር ተነሥቶ ፈረንሳይ የሚደርሰው፣ ጅቡቲንም የሚነካው ሲ-ሚ-ዊ 6 የተባለው ኬብል ለአንድ የቻይና ኩባንያ ሊሰጥ ተቃርቦ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት በየአገሩ ግፊት ካደረገ በኋላ በ2022 ሥራውን ሰብኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወሰደው። በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ላይ በተመታች መርከብ መልሕቅ ምክንያት ኬብሎች ተበጥሰው የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ሲስተጓጎል፣ "ጦርነቱ የእኛ አይደለም" ማለታችን የተቆረጠውን አልቀጠለልንም። ሣር ፈቀቅ አይልም፤ ሥር ያለው ነገር ነው። የሚበቅልበትን መሬት ማን እንደሚያጥረው መጠየቅ ግን ይችላል።

ወገን እንምረጥ ስለሚለው ብዙ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከሁሉም አደገኛ የመሰለኝ እሱ ነው። ጸሐፊው የተመረኮዙት የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን በመስከረም 2017 ለተማሪዎች በተናገሩት ላይ ነው፦ በዚህ ዘርፍ መሪ የሚሆን የዓለም ገዢ ይሆናል የሚለው። በዚያው ዓመት ቻይና በ2030 የዓለም መሪ ለመሆን ያለመ አገራዊ ዕቅድ አውጥታለች። ከዚያ ወዲህ የሆነውን እንመልከት። አሜሪካ በጥቅምት 2022 የተራቀቁ ቺፖችና የቺፕ ማምረቻ መሣሪያዎች ወደ ቻይና እንዳይሸጡ ከለከለች፤ ክልከላውን በ2023 እና በ2024 አጠበቀችው። በጥር 2025 ግን ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ኩባንያ፣ ብዙ ወጪ ካወጡት የአሜሪካ ሞዴሎች ጋር የሚወዳደር ሞዴል ለማንም በነጻ ለቀቀ። በዚያው ሰሞን የአሜሪካው ቺፕ ነዳፊ ኩባንያ ኤንቪዲያ በአንድ ቀን ብቻ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የገበያ ዋጋ አጣ። ከሁለት ዓመት በላይ የተሠራ አጥር ይህን አላስቀረም።

ሰንሰለቱን ብንፈትሸው ጠቅልሎ የያዘው የለም። ምርጦቹን ቺፖች አሜሪካ ትነድፋቸዋለች፤ የምታመርታቸው በዋናነት ታይዋን ናት። ታይዋን የምታመርትባቸውን እጅግ የረቀቁ የብርሃን ማተሚያ ማሽኖች በዓለም ላይ የሚሠራው አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፣ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል። የማሽኖቹ መስተዋቶች ከጀርመን ይመጣሉ። ለብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የግድ የሚያስፈልጉት ጋሊየም፣ ጀርማኒየምና ብርቅዬ ማዕድናት ደግሞ በአብዛኛው በቻይና እጅ ናቸው፤ ቻይናም በ2023 እና በ2025 ወደ ውጭ የሚላኩበትን መንገድ አጥብባ ጉልበቷን አሳይታለች። አሜሪካ ራሷ ኤንቪዲያ ለቻይና የሚሸጠውን ኤች20 የተባለ ቺፕ በሚያዝያ 2025 ከልክላ፣ በሐምሌ ፈቅዳ፣ በነሐሴ ደግሞ ከሽያጩ 15 በመቶ ለመንግሥት እንዲገባ ከኩባንያው ጋር ተስማምታለች። በአራት ወር ሦስት ጊዜ የተለወጠን አቋም "የማይቀር ድል" ብሎ ማንበብ ይከብዳል። አሸናፊው ባልታወቀበት፣ ምናልባትም በማይኖርበት ውድድር ቀድሞ መማል የሚጠቅመው የተማለለትን ወገን ብቻ ነው።

ጸሐፊው ባቡሩን ስላነሡ እኔም ላንሣው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ይህን ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። የምናውቀው ግን ሐዲዱን ነው፣ ውሉን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 የባቡር መሥመር እንዲሠራ የፈቀዱት ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ ነበር፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍኖ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። ንጉሡ የተዋዋሉት ከኩባንያ ጋር ነው። ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና የእንግሊዝ ባለሀብቶች ገቡበት፤ ይህ ያሳሰበው የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ድጎማ ሰጥቶ ኩባንያውን በእጁ አስገባ። ባቡሩ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሐረርን ተራራ መውጣት ትቶ እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ፣ ምኒልክ ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ የፈረንሳይ መንግሥት ይዞታ ሆኖ አገኙት። አልተቀበሉትም። ሥራው ቆመ፤ ድሬዳዋ ለዓመታት የሐዲዱ መጨረሻ ሆና ቀረች። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያላቸውን ጥቅም በመካከላቸው በስምምነት ተከፋፈሉ፤ ባቡሩም የክፍፍሉ አካል ነበር። ኩባንያው ከሠረ፣ በ1908 አዲስ ውል ተፈረመ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው።

ይህን ታሪክ የማነሣው ፈረንሳይን ለመውቀስ አይደለም። የዛሬው ውልም በዚያው መልክ ነው የሚመጣው። ከኩባንያ ጋር እንፈራረማለን፣ ከጀርባው መንግሥት አለ። ቻይና በ2017 ያወጣችው የስለላ ሕግ ማንኛውም ድርጅት ከመንግሥት የስለላ ሥራ ጋር እንዲተባበር ያዝዛል። አሜሪካ በ2018 ያወጣችው ክላውድ አክት የተባለው ሕግ ደግሞ የአሜሪካ ኩባንያዎች በሕጋዊ ትእዛዝ ሲጠየቁ ውጭ አገር ያስቀመጡትን ዳታ ጭምር እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። በዚህ በኩል ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ጸሐፊው አንዱን ብቻ ቢያመሰግኑም።

ወገን መምረጥ ግዴታ በሆነበት ቦታ እንኳ በነጻ የሰጠ የለም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ጂ42 ለዓመታት ከቻይና ኩባንያዎች ጋር ሲሠራ ቆይቶ፣ አሜሪካ ስትጫነው የሁዋዌን መሣሪያ ማውጣት ጀመረ። በምላሹ በሚያዝያ 2024 ማይክሮሶፍት 1.5 ቢሊዮን ዶላር አፈሰሰበት፤ በግንቦት 2025 ደግሞ አቡ ዳቢ ላይ 5 ጊጋ ዋት የሚደርስ የዳታ ማዕከል ግቢ ለመገንባት ስምምነት ተደረገ። እኛ የኤምሬትስ ገንዘብ የለንም። በእጃችን ያለው ነገር ግን ጥቂት አይደለም፦ ከ2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ነን፣ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ አዲስ አበባ ነው፣ በተባበሩት መንግሥታት ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት ድምፅ አለን። በመጋቢት 2024 አሜሪካ፣ በሐምሌ 2024 ደግሞ ቻይና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የየራሳቸውን የውሳኔ ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው አቅርበው እያንዳንዳቸው ከመቶ በላይ አገሮችን ደጋፊ ያሰለፉት ለምን ይመስላችኋል? የሚፈለግ ነገር ያለው ሰው ከገበያው በፊት ዕቃውን አያስረክብም።

ሦስተኛ መንገድም አለ። የዲፕሲክ፣ የአሊባባው ክዌን፣ የሜታው ላማ ሞዴሎች ወርደው በራስ ሰርቨር ላይ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው፤ ያኔ ጥያቄያችን ከአገር አይወጣም። ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ፋይዳ መታወቂያ የተሠራው ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ ውስጥ ተጀምሮ ለማንም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ ነው። ዋሽንግተንንም ቤጂንግንም ሳንማጠን የ10 ጣት አሻራ መሰብሰብ ከቻልን፣ ለሌላውም ቢሆን መንገዱ ዝግ አይደለም።

አሁን "መሣሪያ ፖለቲካ የለውም" ወደሚለው። አንድ ወዳጄ ትራንዚተር ነው። ከቻይና በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ ሰነድ ሲመጣለት፣ ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለዲፕሲክ ይሰጠዋል። አጠገቡ ተቀምጬ ያየሁት የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ ሰነድ ነበር። ግማሹ በቻይንኛ ነው። መተግበሪያው ዝርዝሩን ወደ እንግሊዝኛ መለሰለትና ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሆነውን የኤችኤስ ኮድ (ጉምሩክ ዕቃን የሚመድብበትን ቁጥር) ገመተለት፤ እሱ ደግሞ ግምቱን ከታሪፍ መጽሐፉ ጋር አመሳከረ፣ አንዱን ኮድ ሰርዞ በእርሳስ ሌላ ጻፈበት። ቀድሞ ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ነበር። ለምን ዲፕሲክን እንደመረጠ ስጠይቀው መልሱ ፖለቲካ አልነበረበትም፦ ነጻ ነው። የቻት ጂፒቲ ፕላስ የተባለው የሚከፈልበት አገልግሎት በወር 20 ዶላር ነው፤ ብር በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 20 ዶላር ስንት ብር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ብሩ ቢኖር እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ የማግኘቱ ጣጣ አለ።

በዚያ ወረቀት ላይ ምን ምን ነበር? የአቅራቢው ስም፣ የአስመጪው ስምና የግብር ከፋይ መለያ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋና ብዛት። ዲፕሲክ በራሱ የግላዊነት ፖሊሲ የተጠቃሚዎቹን ዳታ ቻይና ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ይናገራል። የጣሊያን የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን በጥር 2025 መተግበሪያውን ያገደው በዚሁ ምክንያት ማብራሪያ ጠይቆ በቂ መልስ ስላላገኘ ነው። የድሬዳዋ አስመጪ በምን ዋጋ እንደሚገዛ የሚያሳይ ሰነድ፣ ከሚገዛበት አገር ሄዶ ይቀመጣል። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ደንግጦ ዝም አለ፤ አልፈረድኩበትም፣ ማንም አልነገረውም።

ከዚያው ስልክ ላይ በሰኔ 1989 ቤጂንግ ላይ ምን እንደተፈጸመ ጠየቅነው። ስለ ሌላ ጉዳይ እንነጋገር አለን። ይህ የቴክኒክ ጉድለት አይደለም፤ ቻይና ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ደንብ እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች የሶሻሊዝምን ዋና እሴቶች እንዲጠብቁ ያዝዛል። አሜሪካም ከዚህ የራቀች አይደለችም፦ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሐምሌ 2025 የፌዴራል መንግሥት የሚገዛቸው ሞዴሎች ምን ዓይነት አመለካከት ማንጸባረቅ እንደሌለባቸው የሚወስን ትእዛዝ ፈርመዋል። ክብደታቸው አንድ ነው አልልም፤ በአንዱ አገር ዜጋው ትእዛዙን ፍርድ ቤት ወስዶ መከራከር ይችላል፣ በሌላው አይችልም። ነገር ግን ሁለቱም መንግሥታት መሣሪያው ፖለቲካ እንዳለው ያውቃሉ። የማናውቀው እኛ ብቻ እንዳንሆን ነው የምፈራው።

ይህ ፍርሃት ለድሬዳዋ የተለየ ክብደት አለው። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ የሚነገሩባት ከተማ ናት። በነሐሴ 1969 ዓ.ም ጦርነቱ ደጇ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ያን ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። ነገ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለዚያ ጦርነት፣ ወይም ስለ ዓባይ ውኃ ሞዴሉን ሲጠይቀው የሚያገኘው መልስ በየትኛው ቋንቋ ብዙ እንደተጻፈና መልሱን ማን እንዳረመው ይወሰናል። ስለ ዓባይ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈው በአማርኛ ከተጻፈው ስንት እጥፍ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ስለ ኤሌክትሪኩ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። እነዚህ ማሽኖች ኃይል ይበላሉ፣ የህዳሴ ግድብም በመስከረም 2025 ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ኃይል ብቻውን ግን ቺፕ አይሆንም። የባይደን አስተዳደር በጥር 2025 ያወጣው ደንብ የዓለምን አገሮች በሦስት እርከን ከፍሎ፣ የተራቀቁ ቺፖችን ያለ ገደብ እንዲገዙ የፈቀደው ለ18 አጋሮቹ ብቻ ነበር። ከነዚያ ውስጥ ከአፍሪካ አንድም አገር አልነበረም። ደንቡ በግንቦት 2025 ተሽሯል፤ ነገር ግን አንድ መንግሥት በአንድ ወረቀት አህጉርን ከመስመር ማውጣት እንደሚችል አይተናል። ርካሹን መብራታችንን ፈልገው የመጡት፣ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱት ማሽኖች ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ የተሠሩት ለአንድ ዓይነት ስሌት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ክፍያው በዶላር ገብቷል፣ ጥሩ ነው፤ ዕውቀት ግን ትቶ የሚሄድ ሥራ አይደለም። ኬንያ ኦልካሪያ ላይ ከእንፋሎት ኃይል ጋር የተሳሰረ የ1 ቢሊዮን ዶላር የዳታ ማዕከል ለመገንባት በ2024 ከማይክሮሶፍትና ከጂ42 ጋር ስትስማማ፣ ኃይሉን ያቀረበችው ለድርድር ነው። እኛም ማቅረብ ያለብን እንደዚያው ነው፦ ለአገር ውስጥ ተመራማሪዎች የሚቀር ስንት የማስላት አቅም ታስቀምጣላችሁ ብሎ በመጠየቅ። የድሬዳዋን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ሰው ደግሞ የማቀዝቀዣውን ሒሳብ ከወዲሁ ይጠይቃል።

"ቋንቋ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ብክነት ነው" የሚለው ግን አሳዝኖኛል። ጸሐፊው ይህን ሐሳብ የገለጹት በአማርኛ ነው፣ ያነበብናቸውም በአማርኛ ስለጻፉ ነው።

ነገሩ የስሜት ብቻ አይደለም፣ የገንዘብም ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ 1 ባይት ሲይዝ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ይይዛል። ሞዴሎቹ ጽሑፍን የሚቆራርጡት በብዛት ባሠለጠኗቸው ቋንቋዎች ልክ ስለሆነ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ እንዳለ ሲቆጠር የእኛው ቃል ተበጣጥሶ ይቆጠራል። ኩባንያዎቹ የሚያስከፍሉት በቁራጭ ቁጥር ነው። ያንኑ ሐሳብ በአማርኛ የሚጠይቅ ድርጅት ብዙ እጥፍ ይከፍላል፤ ያውም ለደከመ መልስ። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ የባይቱ ጣጣ አይነካቸውም፣ ያለባቸው የተሰበሰበ ጽሑፍ እጥረት ነው። ጉግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ያስገባው በ2016፣ አፋን ኦሮሞን ደግሞ በ2022 ነው። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ መቼ ተራው እንደሚደርስ የወሰነው ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ ነው።

ገበያ የለውም የሚለው ክርክርም ውኃ አያነሣም። አይስላንድ ሕዝቧ 400 ሺህ አይሞላም፣ የድሬዳዋን ያህል እንኳ አይደለም። መንግሥቷ ግን በ2023 የቻት ጂፒቲ ባለቤት ከሆነው ከኦፕንኤአይ ጋር ተነጋግሮ አይስላንድኛ ጂፒቲ-4 በተባለው ሞዴሉ ላይ እንዲሻሻል ባለሙያዎቿን አሰማርቷል። ገበያ ሆና አይደለም፣ ጠይቃ ነው። ኃያላኑ ቺፕ መሥራት ይችላሉ፤ የሐረር ገበያ ላይ በአንድ ንግግር ውስጥ ከሐደሬ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ የምትሸጋገር ነጋዴ ምን እንዳለች በትክክል መጻፍ ግን አይችሉም። ይህን የሚችሉት እዚህ ያሉ ልጆች ናቸው። ከ2019 ጀምሮ በአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ እንዲሠሩ በመላ አፍሪካ ተመራማሪዎችን ያሰባሰበው ማሳካኔ ያሳየውም ይኸንኑ ነው፤ የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ላይ እየሠራ ነው። የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የሦስቱን ቋንቋዎች ንግግርና ጽሑፍ ሰብስበው ቢያደራጁ፣ ለድርድር ጠረጴዛ የሚቀርብ እውነተኛ ሀብት ይሆናል። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ይማሩ፣ እኔም እደግፋለሁ። ክሊኒክ መጥታ በቋንቋዋ የምትጠይቅ እናት ግን እስኪማሩ አትጠብቅም።

ሕግ ቅንጦት ነው ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ሕጉ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓ.ም) ወጥቷል፣ ዳታ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍበት ሁኔታም ይደነግጋል፣ የሚያስፈጽመውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአፍሪካ ኅብረት በሐምሌ 2024 የሰው ሠራሽ አስተውሎት አህጉራዊ ስትራቴጂ አጽድቋል። በኅዳር 2023 እንግሊዝ ብሌችሊ ፓርክ ላይ 28 አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት የዚህን ቴክኖሎጂ አደጋዎች በተመለከተ መግለጫ ሲፈርሙ ከአፍሪካ ኬንያ፣ ናይጄሪያና ሩዋንዳ ፈርመዋል። ሩዋንዳ የፈረመችው ሀብታም ሆና አይደለም። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ያለ ሰው ውሳኔ የሚገድሉ መሣሪያዎችን በተመለከተ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለቀረበ የውሳኔ ሐሳብ 166 አገሮች ድጋፍ ሰጥተዋል፤ የተቃወሙት ሦስት ብቻ ናቸው። ከነዚያ 166 አብዛኞቹ አንድም ቺፕ አያመርቱም።

የሚጎድለን ሕጉን ውል ላይ የሚያውል ሰው ነው። ድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና አላት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ አዲሱ ባቡር ያልፍባታል። ካሜራና የፊት መለያ፣ የጭነት መከታተያ፣ የትምህርት ቤት መተግበሪያ ይዘው የሚመጡ ሻጮች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፣ መምጣትም ጀምረዋል። የሚፈርመው ኃላፊ ዳታው የት አገር እንደሚቀመጥ፣ ኩባንያው ቢሸጥ ወይም መንግሥቱ ቢያስገድደው ምን እንደሚሆን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሻጭ መቀየር ብንፈልግ ዳታችንን ይዘን መውጣት እንደምንችል በጽሑፍ ካላስቀመጠ፣ የ1902ቱ ነገር ይደገማል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸው ሁለተኛ ክፍል እንዳለው ጠቁመዋል። አክብሮቴን እየገለጽኩ አንድ ነገር ልጠይቃቸው፦ ወደ የትኛው ወገን እንጠጋ የሚለውን ለጊዜው ትተው፣ ከ2006ቱና ከ2013ቱ የቴሌኮም ውሎች እንዲሁም ከአዲሱ የባቡር ብድር ውል ምን እንደተማርን ይጻፉልን። የትኛው አንቀጽ ጎዳን፣ የትኛው ጠቀመን፣ መለዋወጫው ከማን ብቻ ይገዛ ነበር፣ ሥልጠናው ስንት ኢትዮጵያዊ ባለሙያ አፈራ? በዚያ ላይ ቢጽፉ እኔም እዚህ የማውቃቸውን የባቡርና የቴሌኮም ሠራተኞች ጠይቄ የበኩሌን እጨምራለሁ።